ፍጻሜውን ያልተጫወትነው ዋንጫ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ኮለምበስ፣ ሞርስ ሮድ ላይ ባለች አንዲት ፀጉር ቤት ተቀምጬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሥር የተኮለኮሉ ወጣቶች የኳስ ጥያቄና መልስ ይዘዋል። አንዱ ከስልኩ ላይ ያነብባል፣ ሌሎቹ ይሻማሉ። «እንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ በመለያ ምት የተሸናነፉት በየትኛው ውድድር ነው?» ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ። የሊጉን ዋንጫ ያለ አለ፤ ትልቁን የአገሪቱን ዋንጫ ያለ አለ። ሁሉም ተሳሳቱ።

እኔ መልሱን አውቀው ነበር። አንድ የቢራ ጠማቂ ስሙን የሰጠው፣ አራት ዓመት ብቻ ተጫውተውት የቀረ፣ ዛሬ ብዙው እንግሊዛዊ ራሱ የማያስታውሰው ትንሽ ዋንጫ ነው። ማን እንደሳተ፣ የመጨረሻዋ ኳስ የት እንደነካች ሳይቀር አውቃለሁ። ግን አልተናገርኩም። ብናገር «ከማን ሰማህ?» ይሉኛል፤ ከማን እንደሰማሁ ከነገርኳቸው ደግሞ ሌላውንም ሁሉ መናገር ሊኖርብኝ ነው። ፀጉሬን ተቆርጬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኮቪድ የገባበት ዓመት ነው። በዲቪ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሀብታሙ ከሚባል የአዳማ ልጅ ጋር ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን፣ አንድ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ በአንድ ሺፍት እንሠራለን። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስካን ማድረግ፣ ማንሳት፣ መጫን፣ በማስክ ውስጥ በላብ መታፈን። ዓለም ሁሉ ቤቱ ተዘግቶበት ዕቃ ያዝዛል፤ ያዘዘውን የምናነሳለት እኛ ነን።

ሰኔ ላይ አባቴ ሞተ። መሄድ አልቻልኩም። ቀብሩን በስልክ አየሁት። ወንድሜ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞልኝ ነበር፤ ግን ሣጥኑ ሲወርድ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ምስሉ ሲመለስ ሰዉ ፊቱን አዙሮ እየሄደ ነበር። ለቅሶ የደረሱኝ ጥቂት ሰዎችም ደረጃው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ነቅንቀው ተመለሱ። ማንም አላቀፈኝም። ሰው ሳያቅፍህ ማልቀስ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። ምግብ አስጠላኝ። ከሥራ መልስ ጫማዬን ሳላወልቅ ምንጣፉ ላይ እዘረጋለሁ፤ በማግስቱ በዚያው ጫማ እነሳለሁ።

«እንዲህ ሆነህ ክረምቱን አትወጣውም» ብሎ እየጎተተ ሜዳ የወሰደኝ ሀብታሙ ነው። ከሠፈራችን ብዙ በማይርቅ ፓርክ ውስጥ የሐበሻ ልጆች እሑድ እሑድ ይጫወቱ ነበር፤ የዌርሃውስ ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ የቸርች ወጣቶች፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የሚኖሩ ተማሪዎች። ሣሩ ረጅም ነው፣ ጎሉ መረብ የለውም። ጋሼ ታዬን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

ጋሼ ታዬ ያን ጊዜ ሰባ ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ የክሬን መካኒክ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ለሥልጠና እንግሊዝ አገር ወደ አንድ የወደብ ከተማ ተልከው ነበር፤ ያ ዋንጫ የተጀመረውም ልክ በዚያ ዓመት ነው። ታጣፊ ወንበራቸውን ከዛፍ ሥር ዘርግተው፣ ማስካቸውን ሳያወልቁ፣ ኳስ በቆመ ቁጥር ይተርኩልናል።

«የሚጠራው ስምንት ክለብ ነው» ይሉናል። «ከአራቱም ዲቪዚዮን ሁለት ሁለት። ወደ ላይ ያደገ አይጠራም፣ ወደ አውሮፓ የሚሄድም አይጠራም። የሚጠራው ብዙ ጎል አግብቶ ምንም ያላገኘው ነው። ይገባችኋል? ለፍቶ ለፍቶ ባዶ እጁን ለቀረ የተሠራ ዋንጫ!»

ከሁሉ በላይ የሚወዷት የግማሽ ፍጻሜዋን ታሪክ ነበር። የከተማቸው ክለብ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ነው፤ የመጣበት ደግሞ የአገሪቱ ታላቅ ክለብ። አንድ ለአንድ አቻ ወጡ። ጭማሪውም ሰዓት አለቀ። ከዚያ በፊት እንዲህ ሲሆን በሌላ ቀን ይደገማል፣ ወይ ሳንቲም ይጣላል፤ የዚያን ቀን ግን ዳኛው ኳሷን ነጥቧ ላይ አስቀመጠ። «ከእነዚያ ወገን ስሙ ዓለምን የሞላ አጥቂ ነበር፤ በረኛችን መለሰበት። በመጨረሻ ራሱ በረኛው ሊመታ ወጣ፣ አግዳሚውን ነክታ ሄደች። ተሸነፍን። ያ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።»

መስከረም ሲጋመስ፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ የራሳቸውን ዋንጫ አቋቋሙ። ሰመሩን ሙሉ የየቡድኑን ጎል ሲመዘግቡ ከርመዋልና ስምንቱን በዚያ መረጡ። ሦስት እሑድ ብቻ ነው፤ ሩብ ፍጻሜ፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ ፍጻሜ። የኔ ቡድን «ዌርሃውስ» ይባላል። አምበሉ እኔ ነኝ፣ በረኛው ሀብታሙ። ላልሰማ ሰው የልጆች ጨዋታ ነው። እኔ ግን ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገን የምፈልግበት ምክንያት አገኘሁ። ካርቶን ሳነሳ አሰላለፍ አስባለሁ፤ ምግብም ወደ አፌ መሄድ ጀመረ።

ጋሼ ታዬ በአንድ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። ሜዳው መግቢያ ላይ ቆመው አምበሉን ይጠይቃሉ፤ ትኩሳት ያለው፣ የሚያስለው፣ ሽታ የጠፋበት አለ? መልሱን በደብተር ይጽፋሉ። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ልጅ «ትንሽ ያስለኛል» ስላለ ቡድኑን በሙሉ ወደ ቤቱ መለሱት። ልጆቹ ቢለምኗቸው፣ ቢቆጡም አልሰሙም።

ይህን ጥንቃቄ ያስያዟቸው ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። እትዬ ዘነበች ነርሲንግ ሆም ይሠሩ ነበር፤ በዚያ ስፕሪንግ ሲመግቧቸውና ሲያጥቧቸው የኖሯቸው አዛውንቶች አስከሬን አንድ በአንድ ሲወጣ አይተዋል። ራሳቸውም ስኳር አለባቸው። ሆኖም ባላቸው የወደዱትን ነገር መጥላት አልቻሉም። ከአሮጌ አንሶላ ለየቡድኑ ማልያ ሰፉ፤ ቁጥሩን በእጃቸው ጠልፈው። ከግማሽ ፍጻሜው በፊት ዓርብ ቀን የኛን ልቀበል ሄድኩ። ከረጢቱን በሩ ላይ አስቀምጠው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ከላዩ በፎይል የጠቀለሉት ትኩስ ሳምቡሳ አለበት።

«ዮናስ» አሉኝ፣ «ይሄ ጨዋታ ይቅር ብዬ ለምኜ አልሰማኝም። ታዬ ደስ ሲለው ራሱን አያውቅም፤ ሰው ላይ ነው የሚጠመጠመው። አንተ አርቅልኝ። አደራ።»

«አይዞዎት እትዬ፣ እኔ አለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥጄ፣ መኝታ ቤት ገብቼ ስልክ ሳወራ ረሳሁት። ድንገት የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ሮጬ ስወጣ ሀብታሙ ከምድጃው አራት እርምጃ በማይርቅ ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከእንቅልፉ እየባነነ ነው።

«ቤቱ ሲነድ ዝም ትላለህ እንዴ?»

«ምን ነደደ?»

የከሰለውን መጥበሻ አፍንጫው ሥር አስጠጋሁለት። ሳበ። ደግሞ ሳበ። ከዚያ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ከትናንት ጀምሮ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ዮኒ፣ ነገ ብቀር ይሻላል።»

መስኮቱን ከፈትኩ። ሌላ በረኛ የለንም። ለጋሼ ታዬ እውነቱን ብነግራቸው የሚቀረው ሀብታሙ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንንም ይመልሱናል። «አንድ ጨዋታ ናት» አልኩት። «ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋስ ነው። አንተ ደግሞ ጎል ውስጥ ነህ፣ ማን ይጠጋሃል? ከዚያ ሁለት ሳምንት ትተኛለህ፣ እኔ አበስልልሃለሁ።» እምቢ አለ። እትዬ ዘነበችን አነሳ፤ «ስኳር አለባቸው» አለኝ። ያን ጊዜ ነው እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝን ቃል ያወጣሁት።

«አባቴን እንኳን አልቀበርኩም፤ ይቺን ደግሞ አንተ ልትነሳኝ ነው?»

ሀብታሙ አቀረቀረ። «እሺ» አለ።

እሑድ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ብርዱ ግን ጆሮ ይቆነጥጣል። ጋሼ ታዬ ደብተራቸውን ይዘው መግቢያው ላይ ቆመዋል።

«ትኩሳት? ሳል? ሽታ የጠፋበት?»

«ደህና ነን ጋሼ።»

ከትከሻዬ በላይ ወደ ሀብታሙ ተመለከቱ። ዓይኑ ቀልቷል፣ የጃኬቱን አንገት እስከ አገጩ ስቦታል። ወደ እኔ ተመለሱ። «ርግጠኛ ነህ ዮናስ?»

«ርግጠኛ ነኝ።»

ጻፉት።

ሁለት ለሁለት ተለያየን። ወደ መለያ ምት ስንሄድ ጋሼ ታዬ ከወንበራቸው ተነሥተው እየተንጎራደዱ ነበር፤ የሃምሳ ዓመቱ ነገር ዓይናቸው ፊት ሊደገም ነው። ሀብታሙ በየምቱ መሐል ቋሚውን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። የእነሱ የመጨረሻ መቺ መጣ። ወደ ቀኝ መታት፤ ሀብታሙ ተወርውሮ በጣቶቹ ጫፍ አወጣት፣ መሬት ላይ ተዘርግቶም ቀረ። አለፍን።

ከዚያ የሆነው ሁሉ ከዐሥር ሰከንድ አይበልጥም። ጋሼ ታዬ ለመጮህ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። እንደ ልጅ እየሮጡ ሜዳ ገቡ፤ ሀብታሙን ከመሬት አንሥተው አቀፉት፣ ጉንጩን ሳሙት። ሀብታሙ ፊቱን ሊያዞር ሲታገል አይቻለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት አፍኖት የኖረው ሳል የመጣበትም ያኔ ነው፤ እዚያው አንገታቸው ሥር። እኔ በአራት እርምጃ ላይ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ይልቀቁት!» ብል ይሰሙኝ ነበር። አላልኩም። ብል ይታወቅብኛል።

ማክሰኞ ሀብታሙ ከአልጋው መነሣት አቃተው። መኪና ውስጥ እንደተቀመጥን ቴስት ተደረግን፤ ሁለታችንም ፖዘቲቭ ሆንን። እኔን ቀለል አለኝ። ሐሙስ ጠዋት የጋሼ ታዬ ልጅ ሜሮን ኮል አደረገችኝ። እዚሁ ኮለምበስ ያደገች፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት።

«ዮናስ፣ ዳዲ ሆስፒታል ገባ። ማሚም ቴስት ልታደርግ ነው። ደብተሩ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እየደወልኩ ነው። እናንተ ጋ ሲክ የነበረ ሰው አለ? ፕሊዝ፣ ቴል ሚ ዘ ትሩዝ።»

«ሀብታሙ አሞታል» አልኩ። «ግን ከጨዋታው በኋላ ነው የጀመረው።»

«ኦኬ» አለች። «ሶ ሜዳው ላይ ያዛችሁ ማለት ነው።» አመስግናኝ ዘጋች።

ያቺን አንድ ቃል፣ «በኋላ» የምትለዋን፣ ስናገር ምን እንደምትሠራ አላወቅኩም ነበር። ያወቅኩት ቅዳሜ ነው። ጋሼ ታዬ ከሆስፒታል ደወሉ። በኦክስጅኑ መሐል ቃላቸው እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው።

«ልጆቼ… እኔ ነኝ ሰብስቤ ያሳመምኳችሁ። በሽምግልና ዕድሜዬ በኳስ አብጄ። ለሀብታሙ ንገርልኝ… ይቅር ይበለኝ።»

ስልኩ በስፒከር ነበር። ሀብታሙ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። «ንገራቸው» አለኝ በምልክት። እኔ «አይዞዎት ጋሼ፣ ይድናሉ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሀብታሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያን ቀን በኋላ ወሬያችን ስለ ኪራይና ስለ ሥራ ብቻ ሆነ። ለገና ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ።

እትዬ ዘነበችንም ያዛቸው፤ ሆስፒታል በተኙ በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ጋሼ ታዬ በዚያው ሆስፒታል ከእሳቸው በላይ ባለው ፎቅ ላይ ተኝተው ነበር፤ አላገናኟቸውም። ቀብሩ ላይ ጉድጓዱ አጠገብ እንዲቆሙ የተፈቀደላቸው ዐሥር ሰዎች ናቸው። ሌሎቻችን በየመኪናችን ውስጥ ሆነን በመስታወት አየን። ጋሼ ታዬ ገና ሆስፒታል ነበሩ። ሜሮን የአባቷን ፊት በስልኳ ይዛ ወደ ጉድጓዱ አዘነበለችላቸው። መኪናዬ ውስጥ ለብቻዬ ጮኼ አለቀስኩ፤ መስኮቱ ተዘግቶ ስለነበር የሰማኝ የለም። በማግስቱ ልናገር ብዬ ወሰንኩ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ሥራ ላይ ያነበብኩትን ኮድ እረሳለሁ፤ መጸለይ እጀምርና «ርግጠኛ ነህ?» የሚል ድምፅ ይመጣብኛል። መኪናዬን ከድልድይ ላይ ስለ መልቀቅ ያሰብኩበትም ቀን ነበር። አልዋሽም።

ጥር ላይ፣ በረዶው ጉልበት ድረስ በነበረበት ቀን፣ ሜሮን ሥራ ስትሆን ሄድኩ። ጋሼ ታዬ ራሳቸው በሩን ከፈቱልኝ። የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ወርዶ ምንጣፉ ላይ ይጎተታል። ግማሽ ሰው ሆነዋል። ሳሎኑ ጥግ የእትዬ ዘነበች ስፌት መኪና ጨርቅ ለብሷል። «ና ግባ፣ ሀብታሙ ተሻለው?» አሉኝ። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ጭሱ፣ «ብቀር ይሻላል» ስላለኝ፣ ስለ አደራው፣ ለሜሮን ስለ ዋሸሁት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሼ ታዬ ፊታቸውን ወደ ስፌት መኪናው አዞሩ።

«ሁለቴ ጠየቅኩህ» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ዘነበች በስልክ መጨረሻ ያወራን ቀን፣ ‹ከማን ያዝከው ታዬ?› አለችኝ። ‹አላውቅም› አልኳት። ‹አንተ አትጠነቀቅም፣ ነግሬህ ነበር› አለችኝ። በዚህ ነው የተለያየነው።» ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሡም። «አሁን ሂድ።»

ሄድኩ። ለሜሮን ነግረዋት ኖሮ በማግስቱ ደወለች። የምትለውን ሁሉ ሰማኋት፤ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፣ እውነቷን ነው። ፍጻሜው ሳይካሄድ ቀረ፤ የዋንጫውን ነገር ከዚያ ወዲህ ያነሣ ሰው የለም። ያ ሜዳ ላይም ከዚያ በኋላ አልተጫወትኩም።

ሰመሩ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ታዬ ናቸው። ሰላምታ የለም። «መኪናህ ይሠራል?» አሉኝ። «ይሠራል» አልኩ። «ዘነበች ጋ መሄድ ፈልጌ ነው። ሜሮን ሥራ ናት፣ እኔ ደግሞ መንዳት ተከልክያለሁ።» ሄጄ ወሰድኳቸው። መካነ መቃብሩ ደርሰን እሳቸው በአንድ እጃቸው ኦክስጅኑን፣ በሌላው ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ፤ እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። በወሩ ደግሞ ደወሉ። እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ።

ካቻምና መኸር ላይ ስንመለስ ቀይ መብራት አቆመን። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳደረጉ፣ «ያን ቀን እውነቱን ብትነግረኝ ጨዋታውን የምሰርዘው ይመስልሃል?» አሉኝ።

«ይሰርዙት ነበር ጋሼ።»

«እኔ ግን አላውቅም» አሉ። «የልጁን ዓይን አይቼው ነበር። ለምን ሁለቴ የጠየቅኩህ ይመስልሃል? ደህና ነን እንድትለኝ ፈልጌ ነበር ይሆናል። እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ነዳሁ። ያን ያሉት የኔን ሸክም ሊያቀሉ ይሁን፣ ወይም በእርግጥ የሚያስጨንቃቸው እሱ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ይሰርዙት እንደነበር እኔ አልጠራጠርም። ግን ሚስቱን ያጣ ሰው ከጥፋቴ ላይ ግማሹን አንሥቶ ራሱ ላይ ሲጭን፣ ዝም ብዬ አየሁ። ሌላ ማድረግ የምችለው አልነበረም።

አሁን ሠላሳዬን ደፍኛለሁ። የተበደለ ሰው ወይ ይቀየማል ወይ ይቅር ይላል ብዬ ነበር የማስበው። ጋሼ ታዬ ሁለቱንም አላደረጉም። በወር አንድ ቀን ይደውላሉ፣ እኔም እሄዳለሁ። ከዚህ የበለጠ እንዲሰጡኝ የመጠየቅ መብት የለኝም፤ ከዚህ ያነሰ ቢሰጡኝ ደግሞ እንዴት እንደምኖር አላውቅም።